ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ያበላሸሁት መልስ ነው። የልጁን ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ ስሙን ግን አልጠቅስም።

30 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶችን የጥያቄና መልስ ፕሮግራም እመራለሁ። የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ስለ ፍቅር ጓደኝነት፣ ስለ ልሳን፣ ስለ ዳይኖሰር ነው። ባለፈው ጥር አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሣና፣ “ጋሼ፣ ከብርሃን መፍጠን ቢቻል ወደ ትናንት መመለስ ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?” አለኝ።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጠመኔ አነሣሁ።

ብርሃን በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ ጻፍኩ። አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ካሳተመው የተነሣ የምናውቀው፣ መጠነ ቁስ ያለው ነገር ወደዚህ ፍጥነት በተጠጋ መጠን የሚያስፈልገው ጉልበት እየበዛ እንደሚሄድ፣ እዚያው ለመድረስ ደግሞ ማለቂያ የሌለው ጉልበት እንደሚጠይቅ ነው። መልእክትን ከብርሃን አስቀድሞ መላክ ቢቻል ግን በዚያው ስሌት መሠረት መልእክቱ ከመላኩ በፊት ሲደርስ የሚያይ ተመልካች ይኖራል። ልጁ የሰማው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ከስዊዘርላንድ ጣሊያን ድረስ 730 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ከብርሃን 60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ደረሱ ተብሎ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። በኋላ ሲፈተሽ በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ገመድ ተገኘ። ልጆቹ ሳቁ።

“ወደ ፊት ግን ይቻላል፤ ተደርጓልም” አልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃፈሌና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን አሳፍረው ዓለምን ዞሩ። ወደ ምሥራቅ የዞሩት ሰዓቶች ሲመለሱ መሬት ላይ ከቆየው ሰዓት 59 ናኖ ሰከንድ ያህል ጎድለው ተገኙ። ያቺን ታህል ወደ ነገ ተሻግረዋል ማለት ነው። በስልካችን ቦታ የሚያሳየን የጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓት ደግሞ ከኛ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል። ይህ ባይታረም በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስሕተት ይጠራቀምና አራት ኪሎ የቆመውን ሰው ሲኤምሲ ነህ ሊለው ይችላል። ወደ ኋላ ስለ መጓዝስ? ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ2009 ለጊዜ ተጓዦች ድግስ ደግሶ፣ መጥሪያውን ያወጣው ድግሱ ካለፈ በኋላ ነበር። ማንም አልመጣም።

“ጋሼ፣ እኛ እኮ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን!” አለች አንዲቱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ልጁ ግን እስካሁን አልተቀመጠም። “ስለዚህ ወደ ኋላ አይቻልም?” አለኝ።

“አይቻልም” አልኩት፣ ጠመኔውን ከእጄ እያራገፍኩ። ተቀመጠ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ከመዘምራን አንዷ እኅት ጠጋ ብላ፣ “ያ ልጅ እናቱ ጥቅምት ላይ ድንገት ወደ ጌታ ሄዳለች። ያን ዕለት ጠዋት ተጣልተው፣ በሩን በላይዋ ላይ ዘግቶ ነው የወጣው” አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ብርሃን የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሕዝቅያስ ነው፤ በ2ኛ ነገሥት 20 ጥላው አሥር ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሰለት። (እግረ መንገዴን፦ ናሳ በኮምፒውተር የጠፋችውን ቀን አገኘ እየተባለ የሚዞረውን ጽሑፍ እባካችሁ አትላኩልኝ። እንዲህ ያለ ግኝት የለም። የእግዚአብሔርን ቃል በተረት መደገፍ ቃሉን ማስናቅ ነው።) ያን ሌሊት ዐይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። ወደ ኋላ የተመለሰው ጥላው ብቻ ነው። ንጉሡ ያለፈውን ዘመኑን እንደገና አልኖረም፤ የተሰጠው ከፊቱ የተጨመረ 15 ዓመት ነው።

ከዚያ ጴጥሮስ ትዝ አለኝ። በዮሐንስ 18 በሊቀ ካህናቱ ግቢ ፍም እሳት እየሞቀ ጌታውን ካደ። በምዕራፍ 21 ጌታ በባሕር ዳር ሲጠብቀው ደግሞ ፍም አለ። ጌታ ለጊዜ የማይገዛ አምላክ ሲሆን ያቺን ሌሊት ሊሰርዛት አልመረጠም። ጴጥሮስን ወደዚያ ግቢ አልመለሰውም፤ አዲስ ፍም አቀጣጠለለት፣ ቁርስ አበላው፣ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ይህን ስንት ጊዜ ሰብኬው ሁለቱን እሳቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ቤታቸው ሄድኩ። አክስቱ ቡና አቀረቡ። ስለ ቅዳሜው መልሴ ይቅርታ ጠየቅኩትና የራሴን ነገርኩት፦ ለታመመው አባቴ “ነገ እመጣለሁ” ብዬ የቀረሁበት አንድ ማክሰኞ አለኝ። ከዚያ ስለ ሁለቱ ፍሞች አወራሁት። አቀርቅሮ ሰማኝና፣ “ጴጥሮስ እኮ ጌታን በሕይወት አገኘው። እኔ እናቴን የት አገኛታለሁ?” አለኝ።

1ኛ ተሰሎንቄ 4 አፌ ላይ ነበረ። ግን እሱም በእናቱ መቃብር ላይ ሰምቶታል። ትንሽ ዝም አልኩ። ለማጽናናት የሚቸኩል ሰው አንዳንዴ የሚያጽናናው ራሱን ነው፤ ቅዳሜ ያደረግኩትም ይህንኑ ነበር።

በኋላ፣ “ለእናትህ ንገራት አልልህም። ልትነግራት የፈለግከውን ለጌታ ንገረው። ያ ጠዋት ላንተ ሦስት ወር አልፎታል፤ ለእርሱ ግን ሩቅ አይደለም” አልኩት። “ወደ ፊት ይቻላል ያልኩህን ደግሞ ቀለል አድርጌ ነበር የተናገርኩት። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ፣ ያንቀላፉትን የምናገኘው ጌታ ሲመጣ ነው ይላል። እናትህ ያለችው በኋላህ አይደለም።”

መልስ አልሰጠኝም። ይህን ጊዜ አክስቱ ስኒውን አስቀምጠው፣ “ያን ቀን ምሳህን ከድና አስቀምጣልህ ነበር እኮ” አሉት።

ቀና አለ። “ምን?”

“መሶቡ ውስጥ። እኔ ነኝ ማታ ያነሣሁት። በዚያ ሁሉ ለቅሶ ማን ይንገርህ።”

“ምን ነበር?”

“ሽሮ። ቃሪያ ሰንጋ ከጎኑ አድርጋ።”

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ ያዩት ያኔ መሆኑን አክስቱ በኋላ ነገሩኝ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጣን፤ ጸለይን። ጸሎቱን የዘጋው እሱ ነው፤ ግማሹ አልተሰማኝም፣ ለእኔም አልነበረም።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝ። “ጋሼ፣ ያን 38 ማይክሮ ሰከንድ እንዴት እንደሚያሰሉት ያሳዩናል?”

“45 ሲቀነስ 7 ነው” አልኩት። “45ቱ ከስበት የሚመጣ ነው፣ 7ቱ ከፍጥነት። ለቀረው ግን ሰሌዳ ያስፈልገናል።”

“ቅዳሜ?”

“ቅዳሜ።”