«ፍሬን በጠሰ» ስለሚባለው ነገር

በአገራችን የመኪና አደጋ በደረሰ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ፍሬን በጠሰ» የሚል ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ለመናገርም ለመጻፍም ይቀላል። ያዘነውን ሰው ዝም ያሰኛል፤ የጠያቂውንም አፍ ይዘጋል። እንደ እኛ ወረቀት ሲያገላብጡ ለሚውሉ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ ቃሉ በሪፖርት ላይ ሲነበብ ጉዳዩ ተመርምሮ ያለቀ ይመስለናል። ፍሬኑ በጠሰ፤ መኪናው ገደል ገባ፤ ፋይሉም ተዘጋ።

ዳሩ ግን መበጠስ የገመድና የጠፍር ጠባይ ነው። ገመድ የሚበጠሰው ድንገት ስለ ሆነ፣ በተበጠሰ ጊዜ «ምን ይደረግ፤ የመጣ መጣ» ይባላል። ቁልቁለት ላይ የከዳው ፍሬን ግን በማግስቱ በመካኒክ እጅ ሲፈታ የተበጠሰ ነገር የማይገኝበት ጊዜ አለ። ቧንቧው ደኅና ነው፤ ዘይቱም አልፈሰሰም፤ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ቀድሞው ይይዛል። መካኒኩ ይገረማል፤ ሾፌሩም በሕይወት ተርፎ እንደ ሆነ ሐሰተኛ ይባላል። ነገሩ ግን ምሥጢር የለውም። ፍሬኑ ግሎ ነበር፤ አሁን ቀዘቀዘ። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው የምንፈልገው ይህንኑ በመበጠስና በመጋል መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ በሁለቱ ቃላት መካከል የብዙ ሰው ሕይወት አለና።

ፍሬን መኪናን ያቆማል ማለት የተለመደ አነጋገር ነው። ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን የፍሬን ሥራ ሩጫን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን መምህራኖቻችን ጉልበት ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ አይጠፋም እያሉ ያስተማሩን ትምህርት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የተሸከመው ጉልበት 580,000 ጁል ያህል ነው። ይህም አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ መኪናውን ሲያቆም ያ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በጎማዎቹ ሥር ባለው ጥቂት ብረት ላይ ይፈስሳል፤ የሚበዛውም በፊተኞቹ እግሮች ላይ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ እጥፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ፍሬን ማለት በየጎማው ሥር የተጣደ ምድጃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የዚህን ምድጃ ጠባይ ከማንም ይልቅ ያጠኑት የመኪና እሽቅድምድም ሰዎች ናቸው። ፍሬዴሪክ ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በዲስክ ለሚሠራ ፍሬን እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የሚበዙት መኪናዎች የሚቆሙት በታምቡር ፍሬን ነበር። ታምቡር እንደ ስሙ ከበሮ ነው፤ ሸራው በውስጡ ተዘግቶ ስለሚፋተግ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከዚህም በላይ ከበሮው ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃልና ፔዳሉ ወደ ታች ይጠልቃል። ዲስክ ግን በነፋስ ላይ የተገለጠ ሰሐን ነው፤ ሁለት ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ይቆነጥጡታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለ ማን በተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ቶኒ ሮልትና ደንካን ሃሚልተን የነዱት የዲስክ ፍሬን ያለው ጃጓር አሸነፈ። አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ያ መኪና ያሸነፈው በሞተሩ ብርታት ብቻ አልነበረም፤ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ ዘግይቶ ፍሬን መያዝ ስለ ቻለና ይህንንም ሌሊቱን ሁሉ ሳይደክም ስለ ደጋገመው ጭምር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲትሮየን ዲኤስ የተባለው የቤት መኪና የፊት እግሮቹ ዲስክ ኾነው ለገበያ ቀረበ። በእሽቅድምድም ሜዳ የተፈተነው ነገር ወደ ሕዝብ መንገድ የወረደው እንዲህ ባለ አኳኋን ነው።

በዛሬው ጊዜ ደግሞ ተወዳዳሪ ያልሆነ ሰው የገዛ መኪናውን ይዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የሚነዳበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተውና አንድ ዙሩ 20.8 ኪሎ ሜትር የሆነው የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ በዚህ የታወቀ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቶሎ የሚማረው ነገር ቢኖር፣ ለከተማ የተሠራ ፍሬን በሜዳው ላይ ብዙ ዙር እንደማይታገሥ ነው። ስለዚህ አዋቂዎቹ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ በዝርዝር ብንመለከት ይጠቅመናል።

መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ሸራው ነው። እያንዳንዱ ሸራ የሚወደው የሙቀት መጠን አለው። የከተማ መኪና ሸራ በጠዋት በብርድ ይይዛል፤ ከልክ በላይ ሲግል ግን ያጣበቀው ሙጫ እየተቃጠለ ጋዝ ያወጣል፤ መያዙንም ይተዋል። የእሽቅድምድም ሸራ በተቃራኒው ካልሞቀ አይነክስም፤ ይጮኻል፤ ዲስኩንም ይበላል። ስለዚህ «ከሁሉ የሚሻል ሸራ» የሚባል ነገር የለም፤ ለሥራው የሚስማማ ሸራ ነው ያለው። ውፍረቱም ይለካል። አዲስ ሸራ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በከተማ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ይለወጣል። ወደ ሜዳ የሚወጡት ግን ከግማሽ በታች የሆነውን ይዘው መግባት አይወዱም። የሳሳ ሸራ ቶሎ ያልቃል፤ እስኪያልቅም ድረስ ሙቀቱን ወደ ፍሬን ዘይቱ ፈጥኖ ያሳልፋልና። ከውጭ የሚታየው ሸራ ደኅና ሆኖ የውስጠኛው ያለቀ ሊሆን ስለሚችልም ሁለቱንም ያያሉ።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ከመኪናው ግንባር ላይ ቀዳዳ አበጅተው በወፍራም ቱቦ ነፋሱን ወደ ዲስኩ መካከል ይመሩታል። ውስጡ ክፍት የሆነው ዲስክ ሲሽከረከር እንደ ማራገቢያ ከመካከል ስቦ ወደ ዳር ይተፋዋልና ነፋሱ በመካከሉ መግባት አለበት። ሦስተኛው ዘይቱ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ እንዳይፈላ ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደንቡ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም እንደ ፊኛ ስለሚጨመቅ የሾፌሩ እግር ወለሉን ይነካል፤ መኪናው ግን ይሄዳል።

አራተኛው የሾፌሩ ጠባይ ነው። ፍሬኑን አጥብቀው ለአጭር ጊዜ ይረግጡና ይለቁታል፤ ሲጎትቱት አይውሉም። ከመቆማቸው በፊት አንድ ዙር ፍሬን ሳይነኩ በዝግታ ይነዳሉ፤ ነፋስ ይጠጣ ዘንድ። ከቆሙም በኋላ በጋለ ዲስክ ላይ የእጅ ፍሬን አይስቡም፤ እግራቸውንም በፔዳሉ ላይ አያሳርፉም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ አገር ሾፌር እጅግ የሚያስፈልገው አንድ እውቀት አለ፤ እርሱም ምልክቱን መለየት ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው ሸራው ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ከጠለቀ ግን ዘይቱ ፈልቷል፤ ወይም ከታምቡሩ መስፋት የተነሣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ ሳያስጠነቅቁ አይመጡም። አስቀድሞ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይሸታል፤ ፔዳሉ ትናንት ከነበረበት ዝቅ ይላል፤ መኪናው ለመቆም ይዘገያል። ገመድ እንዲህ አያስጠነቅቅም።

«እኛ ተወዳዳሪዎች አይደለንም፤ ይህ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የእሽቅድምድም ሜዳ አጥተን አናውቅም። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ጣርማ በርም ሊማሊሞም አሉ። 1,500 ኪሎ የሚመዝነው ያ የቤት መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 14,700,000 ጁል ነው። ይህም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥበት 25 ጊዜ እየደጋገመ እንደ መቆም ያህል ነው። 30,000 ኪሎ የሚመዝን የጭነት መኪና ደግሞ ሃያ እጥፍ ነው፤ ይህ ሙቀት በ200 ሊትር በርሜል አራት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ወይ ፍሬኑ። ሦስተኛ ተሸካሚ የለም። በደጋው አፋፍ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ማቀዝቀዙም በዚያው ልክ ይደክማል።

ለሥራ ጉዳይ ወደ ጎጃም በምንሄድበት ጊዜ አንድ ሸምገል ያሉ ሾፌር ብዙ ጊዜ ወስደውናል። በሜዳው ላይ የሚነዱት እንደ ማንኛውም ሰው ነው። ጎሐ ጽዮንን አልፈው አፋፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆመው ይወርዳሉ፤ መኪናውን ይዞራሉ፤ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ከዚያም በሁለተኛ ማርሽ ይጀምራሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሜዳውን እንደዚያ በርረው ቁልቁለቱን ለምን እንዲህ ይንፏቀቁበታል?» ብለን ጠየቅናቸው። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ «ልጆቼ፣ ቁልቁለት የሚነዳው አፋፉ ላይ ነው። ከገባችሁበት በኋላማ እሱ ነው የሚነዳችሁ። ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ ተብለን ነው የተማርነው» አሉን። በመካከሉ ደልደል ያለ ቦታ ላይ በቆሙ ጊዜም የእጅ ፍሬን አልሳቡም፤ መኪናውን በማርሽ አስይዘው ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፉ። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «እሱም ይረፍ እንጂ፤ በትኩሱ አይጨበጥም» ነበር መልሳቸው። በኑርቡርግሪንግ የሚነዱት ሰዎች በሙቀት መለኪያ የደረሱበትን ጥበብ እኒህ አባት በመዳፋቸውና በአፍንጫቸው ደርሰውበታል።

እነዚህን ሾፌሮች ለማመስገን ብለን የሌሎቹን ስሕተት አንሸፍንም። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው ቁልቁለቱን የሚለቁት አሉ። በዛሬው ሞተር ይህ ቁጠባ እንኳ አይደለም፤ ሾፌሩ ቤንዚን መስጫውን ሲለቅና መኪናው በማርሽ ላይ ሲሆን ሞተሩ ነዳጅ መውሰዱን ያቆማልና። ነገር ግን ወቀሳው ሁሉ በሾፌሩ ላይ ብቻ ቢወድቅ ፍርድ አይሆንም። «ዛሬውኑ ደርሰህ ተመለስ» ብሎ ትእዛዝ የሚፈርም አለቃ አለ። ከዋጋው ማነስ በቀር ምንም ሳይጠይቅ ሸራ የሚገዛ ግዢ ክፍል አለ። ከተፈቀደው በላይ የሚያስጭን ነጋዴ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በገደል አፋፍ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቻችን የምናሳስበው ነገር ትንሽ ነው። የአደጋ ሪፖርት ሲቀርብልን «ፍሬን በጠሰ» በሚለው ቃል ላይ ፊርማችንን አናኑር። ዘይቱ መቼ ተለወጠ? ሸራው ስንት ሚሊ ሜትር ቀርቶት ነበር? በስንተኛ ማርሽ ወረደ? ምን ያህል ጭኖ ነበር? ሽታ ሸቶት ነበር ወይ? ስንት ሰዓት እንዲደርስ ታዝዞ ነበር? ብለን እንጠይቅ። የፊዚክስ መምህራን ደግሞ ስለ ጉልበት መለወጥ ሲያስተምሩ የዓባይን ቁልቁለት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢያሰሉት፣ ከተማሪዎቹ መካከል ነገ መሪ የሚጨብጥ፣ ትእዛዝ የሚፈርም፣ ሸራ የሚገዛም አይታጣም። ያን ጊዜ በየፋይሉ «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ቃል ቀርቶ «ፍሬኑ ጋለ፤ ያጋለውም ይህና ይህ ነው» የሚል ይጻፋል። ምክንያቱ ተጽፎ የተገኘ አደጋ ደግሞ በሚቀጥለው ሾፌር ላይ እንዳይደገም ለማድረግ ይቻላል።