የሌሊት ወፍጮ

ውድ ልጄ፣

ትተኸው የሄድከው ኮምፒውተር እየሠራ ነው። ከክፍልህ አውጥቼ ሳሎን፣ ከአያትህ ወንበር ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። ማታ የጫንክበት ፕሮግራም፣ ፎልዲንግ አት ሆም፣ ሥራውን ሲጀምር ማራገቢያው ማጉረምረም ይይዛል። ባለፈው ሳምንት አያትህ ድምፁን ሰምታ ቀና አለችና፣ «ጋሼ፣ ወፍጮው ገና አልቆመም? ተራዬ ደርሶ ይሆን?» አለችኝ። በልጅነቷ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ መስያት ነው። «ትንሽ ነው የቀረሽ» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ መጠበቅ ጀመረች።

አምና ቢሆን «እማዬ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ፤ እዚህ ምን ወፍጮ አለ?» እላት ነበር። ስንት ጊዜ ብያታለሁ፤ አንተም ሰምተኸኛል። ባረምኳት ቁጥር ፊቷ ላይ ፍርሃት እንደሚመጣ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ይህን ጥፋቴን አንተ አትድገመው።

ፕሮግራሙን የጫንክ ዕለት «ምንድን ነው የሚሠራው?» ብዬህ፣ ለፈተና ቸኩለህ በወጉ ሳትነግረኝ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ አንብቤ የገባኝን ልንገርህ። አሚሎይድ ቤታ የሚሉት ፕሮቲን በሁላችንም አንጎል ውስጥ አለ፤ አርባ ያህል አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት አጭር ክር ነው። አልዛይመር በያዘው ሰው አንጎል ውስጥ ክሩ ከመሰሎቹ ጋር እየተጣበቀ ይከማቻል። አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ አንዲት የፍራንክፈርት ሆስፒታል ታካሚ አንጎል ሲያስረዳ፣ በአጉሊ መነጽር ካያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ክምችት ነበር። እሱ ያየው ግን ካለቀ በኋላ ነው። ክሮቹ ገና መያያዝ ሲጀምሩ እጅግ ትንንሽ ናቸው፤ ቅርጻቸውም አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱ አቶም ጎረቤቱን እንዴት እንደሚስብና እንደሚገፋ በኮምፒውተር እያሰሉ ይከተሉታል። አንድ ሰከንድን ለሺህ ትሪሊዮን ብትከፍለው፣ የስሌቱ አንድ እርምጃ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስቱን ቢይዝ ነው። አንድ ፕሮቲን ቅርጹን ሲለውጥ ለማየት እንዲህ ያለ እርምጃ በብዙ ሚሊዮን፣ አንዳንዴም በብዙ ቢሊዮን መቁጠር ያስፈልጋል። ለአንድ ማሽን ዕድሜ ልክ የሚፈጅ ሥራ ነው።

በ2000 ስታንፎርድ ውስጥ ቪጃይ ፓንዴ ይህን ሥራ በፎልዲንግ አት ሆም ለሰው ሁሉ ማከፋፈል ጀመረ፤ ዛሬ የሚመራው በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያለው ግሬግ ቦውማን ነው። ሥራው ተቆራርሶ ይላካል፤ ያንተ ኮምፒውተር የደረሰውን ቁራሽ ሠርቶ ይመልሳል፤ እሱ ካቆመበት ደግሞ አንድ የማናውቀው ሰው ማሽን ይቀጥላል። በ2020 ኮሮና ሲገባ ፈቃደኛው ከመብዛቱ የተነሳ የሁሉም ጉልበት ሲደመር በሰከንድ ከሁለት ቢሊዮን ቢሊዮን ስሌት በላይ ደርሶ ነበር። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳሎን ተቀምጬ አለቀስኩ። ስንት ቤት ውስጥ፣ ስንት ሰው ተኝቶ፣ ለማያውቀው በሽተኛ መብራት እየከፈለ!

ለአያትህ ግን መድኃኒት እየሠራን ነው ብለህ ተስፋ አትስጣት፤ ለራስህም እንደዚያ አትንገረው። በ2012 የፓንዴ ቡድን በስሌት በተገመተ ቅርጽ ተመርቶ የአሚሎይድን መጣበቅ የሚገቱ ሞለኪውሎች ነድፎ አሳትሟል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ፋርማሲ የሚገኝ ክኒን ግን አልሆነም። በ2023 እዚሁ አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ እንኳ በሽታው ገና ሲጀምራቸው ለተደረሰባቸው ነው፤ ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም። እኛ የምንፈጨው ገና ላልታመሙት ነው። ምናልባት ለእኔ፣ ምናልባት ላንተ ልጆች። ይህን አውቀህ የምትሰጠው ከሆነ እኔም የመብራቱን ሒሳብ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ።

ደግሞ የምትማርበትን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያስተዳድሩትን ሳታስፈቅድ ፕሮግራሙን እንዳትጭንበት። የራስህ ላፕቶፕም ጋለ ሲል አሳርፈው።

እሁድ ስትደውል «አስታወስሽኝ?» አትበላት። አስቀድመህ ስምህን ንገራት፤ በሌላ ስም ከጠራችህም «አቤት» በላት። ከዚያ ስለ ወፍጮ ቤቱ ጠይቃት። ትናንት እኔ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን አወጋችኝ፤ ጤፉን በአህያ ጭነው ወንዙን ሲሻገሩ፣ እናቷ ተራ እስኪደርስ እንዳይርባት ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥርላት እንደነበር። ስትነግረኝ ጣቶቿ ነጠላዋን ይቋጥሩ ነበር።

አሁን የሌሊቱ ሥራ 71 በመቶ ደርሷል፤ ሳይነጋ ያልቃል። እሷም ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ቋጠሮውን አልፈታሁባትም።

አባትህ