ቀበሌ በሌለበት አገር

አሜሪካ ውስጥ ቀበሌ የለም! እኛ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላን ጉርድ ፎቶ ይዘን የምንሰለፍበት ቢሮ እዚህ አይታወቅም። መንግሥት ለዜጋው ሁሉ የሚያድለው አንድ አገር አቀፍ መታወቂያም የለም። ታዲያ ሰዉ ማንነቱን በምን ያሳያል? በመንጃ ፈቃድ። መኪና የማይነዳስ? ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል።

ያረፍኩት ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ፣ ሀበሻ በሚበዛበት ጋርላንድ፣ የጓደኛዬ እናት ቤት ነው። እማማ ዜግነት ስለወሰዱ ይመርጣሉ። እዚህ ከምርጫው ዕለት ቀደም ብሎ ድምፅ መስጠት ስለሚቻል አንድ ቀን ወደ ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሸኘኋቸው። እሳቸው ሲገቡ እኔ ደጅ ቀረሁና በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ያዝኩ። ተቀባይነት ያላቸው መታወቂያዎች ተዘርዝረዋል፦ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ የወታደር መታወቂያ፣ ሽጉጥ ለመያዝ የሚሰጥ ፈቃድ። ሽጉጥ! ደግሜ አነበብኩት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መታወቂያ ግን የለበትም።

እማማ አይነዱም። የያዙት ፎቶ ያለበትን የዜግነት ምስክር ወረቀታቸውን ነው፤ እሱም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። ሲወጡ በላስቲክ ጠቅልለው ቦርሳቸው ሥር ከተቱት። «ይቺ ብትጠፋ ልጄ፣ ምትኳን ለማውጣት ከ500 ዶላር በላይ ነው የሚጠይቁኝ» አሉኝ።

ለመምረጥ መታወቂያ የሚጠይቀው የቴክሳስ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2014 ጉዳዩን ያየችው የፌዴራል ዳኛ 600,000 ያህል የተመዘገቡ መራጮች የተጠየቀው መታወቂያ እንደሌላቸው፣ ጫናውም በጥቁሮችና በላቲኖዎች ላይ እንደሚበረታ አረጋገጠች። ክርክሩ ቀጥሎ ዛሬ መታወቂያ ማውጣት ያልቻለ ሰው ምክንያቱን በፊርማ አስታውቆ፣ የመብራት ወይም የውኃ ቢል አሳይቶ ይመርጣል። ይኼ ባይጨመር ኖሮ ስንቱ በተመለሰ!

የሕጉ ደጋፊዎች ድምፅ እንዳይሰረቅ ነው ይላሉ። ይኼን ቃል በቀላሉ የማላልፍ ሰው ነኝ። የ1997 ዓ.ም. ምርጫችንን ያየ ሰው፣ «ድምፄ ተሰረቀ» የሚል ጥርጣሬ አገር ላይ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ቢሆንም መታወቂያ የሚከለክለው በሌላ ሰው ስም ቀርቦ መምረጥን ብቻ ነው፤ ይኼ ደግሞ እዚህ እጅግ ብርቅ ነው። ጀስቲን ሌቪት የተባሉ የሕግ መምህር እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2014 ከተሰጠው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ድምፅ ውስጥ ሊታመኑ የሚችሉ ያገኟቸው ጉዳዮች 31 ናቸው። በሰሜን ካሮላይና በ2018 የአንድ ምክር ቤት ወንበር ምርጫ እስኪሰረዝ ያደረሰው ማጭበርበር የተፈጸመው በፖስታ በሚላክ ድምፅ ነው። በር ላይ መታወቂያ ቢጠየቅ አጭበርባሪው አይያዝም ነበር።

በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ጥብቅ የመታወቂያ ሕጎች በጥቅሉ የመራጩን ቁጥር እንዳልቀነሱ፣ ማጭበርበሩንም እንዳልቀነሱ ደርሶበታል። ደስ ይላል። እኔን ግን እንደ እማማ ያለው ሰው ያሳስበኛል። ስቴቱ፣ ማለትም ክልሉ፣ ለምርጫ የሚሆን መታወቂያ በነፃ ይሰጣል፤ ለእሱም ሌላ ማስረጃ ይጠየቃል። ቢሮው ደግሞ በየካውንቲው፣ በእኛ በየወረዳው እንደማለት ነው፣ አይገኝም። ገጠር ያለ ሰው ደርሶ ለመመለስ 320 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ቦታ አለ፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ማርቆስን አልፎ እንደመሄድ ነው። መኪና የሌለው በምን ይሂድ?

እማማን የስቴቱን መታወቂያ እንዲያወጡ፣ ያቺን ወረቀትም ቤት እንዲያኖሯት ለመንኳቸው። ቢሮው በቀጠሮ ነው የሚሠራው፤ የሚያደርሳቸውም ልጃቸው ነው፣ ከሥራ ፈቃድ ሲያገኝ። እስከዚያ ወረቀቷ ቦርሳ ውስጥ ናት።