ባንዲራ ሲወርድ

ከመዝሙሩ በፊት የተማርኩት መቆሙን ነው። ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ከአያቴ ጋር የደብረ ማርቆስን ገበያ ውለን ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። አህያዋ ጨው ጭናለች፣ እኔ ከኋላ እነዳለሁ። ፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ስንደርስ ፊሽካ ተነፋ። አመሻሹ ላይ፣ 12 ሰዓት ነው።

መንገዱ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። እንስራ ያዘለች ልጅ ከነሸክሟ ቆመች። አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አጠፋ፤ ሾፌሩ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ምኑም ስላልገባኝ አህያዋን "ሂጅ!" ብዬ አርጩሜዬን ሳነሳ አያቴ እጄን ያዙት። ከዚያ ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉ። ለትልቅ ሰው፣ ለንጉሥ ደጅ የሚደረገውን ማደግደግ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ባንዲራው ቀስ እያለ ወርዶ ፖሊሱ ክንድ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ ዓይናቸው ከሰንደቁ አልተነቀለም።

"አባባ፣ ለምንድን ነው የቆምነው?"

"ትልቅ ሰው ሲገባ ሲወጣ ከመቀመጫህ አትነሳም? ባንዲራም እንደዚያው ነው።"

አያቴ አርበኛ ነበሩ። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማውን ሲሰቅሉ እሳቸው ጫካ ነበሩ፤ ወሬው የደረሳቸው ከቀናት በኋላ ነው። "አምስት ዓመት ሙሉ የምንቆምለት አልነበረንም" ይሉኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ስገባ ሥርዓቱን አገኘሁት። ሰልፍ፣ ተጠንቀቅ፣ እጅ ከጎን፣ ዓይን ወደ ባንዲራ። አርፍዶ የመጣ ልጅ በሩ ላይ እግሩን ተክሎ ይቀራል። አፍንጫህ ላይ ዝንብ ቢያርፍ እንኳ እጅህ አይነሳም። የምንዘምረው በደርግ ዘመን የወጣውን፣ አሰፋ ገብረማርያም ተሰማ ግጥሙን የጻፉለትን ነው። አያቴ ጆሮ ውስጥ ግን የቀረው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የሠራው የንጉሡ ዘመን መዝሙር ነበር። አዲሱን አንድም ቀን ሲያንጎራጉሩት አልሰማሁም፤ ግን በተዘመረ ቁጥር ይቆሙ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ደረጀ መላኩ የጻፈው፣ ሰሎሞን ሉሉ ዜማ ያበጀለት የዛሬው መጣ። ለሦስቱም አቋቋሙ አንድ ነው። ዛሬ ስታዲየም ውስጥ መዝሙር እየተዘመረ ስልክ የሚያወራ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ጎኔ ከሆነም ክንዱን ነካ አደርገዋለሁ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ባንዲራ የመስቀል ተራ ደረሰኝ። ማታውን አልተኛሁም። ከባዱ ነገር ገመዱ ነው፤ ከፈጠንክ መዝሙሩ ሳያልቅ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዘገየህ ሰልፉ ሁሉ ጨርሶ አንተን ይጠብቃል። አረንጓዴው ከላይ መሆኑን ሦስት ጊዜ አየሁ። ጨርቁ መሬት እንዳይነካ ጓደኛዬ በሁለት እጁ አቅፎ ያዘልኝ። መዝሙሩ ሲጀመር ቀና ብዬ እየሳብኩ፣ እያንዳንዱን ስንኝ በክንዴ እየለካሁ ሰቀልኩት። የመጨረሻው ቃልና የሰንደቁ ጫፍ እኩል ተገናኙ።

ገመዱን አስሬ ዞር ስል ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ፣ አያቴ ቆመዋል። ጋቢያቸው ደረታቸው ላይ ነው።