ከገደሉ ሳትርቁ ተሰማሩ

ውድ አንባቢዬ፣ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ አብሮ ከመኖር ይልቅ እሱን በመጠበቅ የደከሙበት ጊዜ አለ? እኔ ነበረኝ። የመጋቢ ሚስት ነኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገብቼ ተምሬአለሁ፤ እህቶችን ሰብስቤ "አትፍሩ" ብዬ አስተምሬአለሁ። ሆኖም ሁለት ዓመት ያህል ፍርሃት በገዛ ቤቴ ውስጥ እንደ ቤተሰብ አባል አብሮኝ ኖሯል።

ነገሩ የጀመረው የምናከብረው የአንድ አገልጋይ ትዳር በድንገት ሲፈርስ ነው። ማንም አልጠረጠረም ነበር። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ የምክር አገልግሎት በዝቶበት እያመሸ ይመጣል። አንዳንዴም አንዲት እህትን ብቻውን፣ በር ተዘግቶ ያማክራል። "ምነው ቀን ላይ ብታደርገው?" ስለው "የጌታ ሥራ ሰዓት የለውም" ብሎ ይስቃል። እኔም በልቤ ዘብ ቆምኩ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቀና እላለሁ። ገላውን ሊታጠብ ሲገባ መልእክቶቹን አነባለሁ። አንዳች ነገር አላገኘሁም፤ ግን ባለማግኘቴ አላረፍኩም።

አንድ ማታ እራት ቀርቦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ማን እንደ ሆነ ጠየቅኩት። ዝም ብሎ አየኝና፣ "ቤተ ክርስቲያን ስሆን አርፋለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን እመረመራለሁ" አለኝ። ሁለታችንም ከማዕዱ ተነሣን። እንጀራው እንደ ተጠቀለለ፣ ወጡም እንደ ቀረበ ቀረ።

በስሜን ተራራ ያየሁት

በጥር 2011 ዓ.ም. ባለቤቴ በደባርቅ ለአንድ ጉባኤ ተጋብዞ አብሬው ሄድኩ። ጉባኤው ሲያበቃ ወገኖች ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወሰዱን። ሳንቃበር አካባቢ ስንደርስ ሜዳው በጭላዳ ዝንጀሮ ተሞልቷል። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ዝንጀሮ ቢባልም ኑሮው እንደ ከብት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል።

ዓይኔን የሳበው የተሰማሩበት ቦታ ነው። ሰፊ ሜዳ እያለላቸው መንጋው የተሰበሰበው በገደሉ አፋፍ ነበር። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን አስጎብኛችንን፣ "ጋሼ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሣር አይሻላቸውም?" አልኩት።

"የኔ እመቤት፣ ሣሩማ ይሻላል" አለኝ። "ቤታቸው ግን ገደሉ ነው። ሲመሽ ወርደው እዚያ ነው የሚያድሩት፤ ጅብ አይደርስባቸውም። ርቆ የሄደውን ማን ይመልሰዋል?"

ንግግሩን ሳይጨርስ ከማዶ ከእረኛ ልጅ ጋር አንድ ውሻ ብቅ አለ። ከመንጋው አንዱ ጮኸ። እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው፣ ትልልቆቹ ወንዶች ጎፈራቸውን እየነሰነሱ፣ ሁሉም ወደ ገደሉ ሮጡ። ሜዳው ባዶ ሆነ። ውሻው ከእረኛው ጋር አለፈ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ራስ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሌላ። ተመልሰው መጡና ሣራቸውን መንጨት ቀጠሉ።

ልቤ ተነካ። ፈሩ፣ ሸሹ፣ ተመልሰው በሉ። እኔ ግን ውሻው በሌለበት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልበላ ቀና ብዬ ቆሜአለሁ።

የፍርሃት መለኪያው ትራፊ ነው

ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ስለ ተራራ እንስሳት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ በተራራ ላይ ለሚሰማራ እንስሳ ትልቁ ጥያቄ "አውሬ አለ ወይስ የለም?" የሚለው ብቻ አይደለም፤ "ከመሸሸጊያዬ ምን ያህል ርቄአለሁ?" የሚለውም ነው። ቀና ብሎ የሚቃኝ እንስሳ በደንብ አይግጥም፤ አቀርቅሮ የሚግጥም አውሬውን ቶሎ አያይም። ስለዚህ እያንዳንዷ ጉርሻ ዋጋ አላት።

ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተሸሸገበት የዓይንጋዲ ዓለት (1ኛ ሳሙኤል 24) ዛሬም የተራራ ፍየሎች ይኖሩበታል። የእነዚህኑ ፍየሎች ዘመዶች ተመራማሪዎች በኔጌቭ በረሃ አጥንተዋቸዋል። ምግብ ከማይበላ ነገር ጋር ደባልቀው ከገደሉ በተለያየ ርቀት አስቀመጡላቸውና የተረፈውን ለኩ። ገደሉ አጠገብ ያለውን ጥሩ አድርገው በሉት። ከገደሉ በራቀ ቁጥር ግን ብዙውን ትተውት ይሄዳሉ። ምግቡ ያው ነው፤ ያስተዋቸው ርቀቱ ነው።

ይህን ሳነብ ያ ሳይበላ የቀረው እራታችን ትዝ አለኝ። ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ፍርሃት መኖሩን ማወቅ ከፈለጉ የሚተርፈውን ይመልከቱ። ሳይወራ የሚያድር ወሬ፣ ሳይሳቅ የሚያልፍ ሳቅ፣ ጀርባ ተሰጣጥቶ የሚነጋ ሌሊት፤ ይህ ሁሉ ትራፊ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ተለወጠ። ቀድሞ "ጌታ ሆይ፣ ፍርሃቴን ንቀልልኝ" እል ነበር። አሁን "ጌታ ሆይ፣ ወደ ገደሉ አስጠጋን" ማለት ጀመርኩ። ፍየልን "አትፍሪ" ብሎ መስበክ ምን ይረባል? ወደ ዓለቷ ስትጠጋ በራሷ ጊዜ አቀርቅራ ትግጣለች። መዝሙር 104፥18 እንደሚነግረን ከፍ ያሉትን ተራሮች ለተራራ ፍየሎች ያዘጋጀላቸው እግዚአብሔር ራሱ ነው። መሸሸጊያ መፈለግ የእምነት ማነስ ቢሆን ኖሮ ዓለትን ባልፈጠረላቸው ነበር።

ውሻና ቀይ ቀበሮ

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በመንዝ ጓሳ ጭላዳዎች ከቀይ ቀበሮ ጋር አብረው ይታያሉ። ቀበሮው ቀስ እያለ በመንጋው መካከል ይራመዳል፤ የሚፈልገው አይጥ ነው፤ እነሱም አይሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ያህል ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ብቻ። ውሻ ሲመጣ ግን ጭላዳዎቹ ያንኑ ጊዜ ወደ ገደል ይሮጣሉ። ይለያሉ ማለት ነው።

እኔ ሳልለይ ኖሬአለሁ። ኀዘን ደርሶባት ምክር ፍለጋ የምትመጣን እህት ሁሉ እንደ አውሬ አይቻለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ከእነሱ አንዷን ኋላ ጠርቼ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። በሌላ በኩል ግን፣ እህቴ ሆይ፣ እውነተኛ አውሬ ባለበት ቤት "መንፈሳዊ ሴት አትፈራም" ብለሽ አትቀመጪ። ዱላ ካለ፣ የተገለጠ ዝሙት ካለ፣ ጩኸትሽን አታፍኚው፤ ለምታምኛቸው ሽማግሌዎች ንገሪ፤ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነም ሽሺ። ዮሴፍም ልብሱን ጥሎ ሸሽቷል (ዘፍጥረት 39)፤ መሸሹም ነውር አልሆነበትም።

እኛ ያደረግነው

አንድ ማታ ለባለቤቴ ሁሉን ነገርኩት፤ ስልኩን መፈተሼንም ጭምር። ቀላል አልነበረም። ብዙ ዝም አለና፣ "ስልኬን ማየትሽ አሳዝኖኛል" አለኝ። ቀጥሎም፣ "እኔም ግን ከገደሉ ርቄ ነበር፤ ስትጠሪኝ ስቄብሻለሁ" አለ። ለካ እሱ በራቀ ቁጥር እኔ ቀና እላለሁ፤ እኔ ቀና ባልኩ ቁጥር ደግሞ እሱ ይርቃል። ጥፋቱ የሁለታችንም ነበር። አልቅሰን ጸለይን።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ እህቶችን ብቻውን፣ በር ዘግቶ አያማክርም፤ ወይ እኔ ወይ አንዲት የበሰለች እናት አብረን እንቀመጣለን። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮ አይይዝም። የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ሳልጠይቅ ሰጠኝ፤ እኔም መፈተሽ ትቻለሁ። ሰኞ ማታ የእኛ ብቻ ነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በዕድሜ ከሚበልጡን ባልና ሚስት ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። በመንጋ የሚሰማራ እንስሳ ሌሎች ዓይኖች ስላሉለት ቀና የሚለው ከብቸኛው ባነሰ ነውና።

ባሎች ሆይ፣ ሚስትህ ቀና ማለት ካበዛች "ለምን ትጠረጥሪኛለሽ?" ከማለትህ በፊት ከገደሉ ምን ያህል እንደ ራቅህ ለካ። ሚስቶች ሆይ፣ ባልሽ ተጠግቶልሽ ሳለ አሁንም ቀና ብለሽ ከቆምሽ፣ አቀርቅረሽ ብዪ። ጴጥሮስ ጠላታችን እንደሚያገሣ አንበሳ እንደሚዞር ሲያስጠነቅቀን (1ኛ ጴጥሮስ 5፥8) ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር ጭንቀታችንን በጌታ ላይ እንድንጥል መክሮናል። ንቃትና ዕረፍት አብረው ይሄዳሉ።

ፍርሃቴ ጨርሶ ጠፍቷል አልልም። አሁንም ሲያመሽ ልቤ የሚመታበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ደውዬ "ፈራሁ" እለዋለሁ፤ እሱም አይስቅብኝም፤ "መጣሁ" ይለኛል። እራታችንንም አብረን እንበላለን።

እስቲ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ ተጠያየቁ፦ የእኛ ገደል ምንድን ነው? ከእሱ ያራቀን የትኛው ለምለም ሣር ነው? በማዕዳችንስ ላይ ሳይበላ የሚተርፈው ምንድን ነው?

ዓለታችን ጌታ ኢየሱስ ቤታችሁን ይጠብቅ። ተባረኩ!