የኋላ መስመር

ሩዙ ታጭዶ ሲያልቅ የፎገራ ማሳ ለኳስ ይለቀቃል። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ያጥለቀለቁት መሬት በበጋው ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ወረታ ዳር አንድ ጎልማሳ አራት ልጆችን በላም ገመድ ወገብ ለወገብ አስሮ ያሰለጥናል። አንዱ ኳስ አይቶ ብቻውን ሲሮጥ ሦስቱ ይጎተታሉ፤ አንዱ ሲዘናጋ ራሱ ይጎተታል። «ኳሷን ተዋት፣ ጓደኛህን እይ!» ይጮኻል። ተከላካይ እንደነበር ሳልጠይቀው ገባኝ። አጥቂ ቢሆን ጎል ሲያስመታቸው ይውል ነበር።

*

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከተማ ሲገናኙ ሻይ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ክርክሩ ግን ያው ስለ አጥቂ ነው።

*

የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጎል አግቢዎች ሽማግሌው ሁሉ በቃሉ ይወጣቸዋል፦ ተክሌ፣ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። ከኋላ ማን ቆሞ እንደነበር ስትጠይቁ ወሬው ይቀየራል። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው በጊዮርጊስ ማሊያ ጎል አግቢ ነበሩ፤ መንግሥቱም በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። ወንበሩንም የወረሰው አጥቂ ነው።

*

ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5 አግብታብን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፍንና ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ጭፈራው ውስጥ አምስቱ ጎል እንዴት እንደገባ ማን ያንሳ! ደቡብ አፍሪካ ላይ ቡርኪና ፋሶ አስታወሰችን፤ በረኛዋ በቀይ ወጥቶባት፣ በ10 ሰው 3 ጎል ጨመረችብን። 4 ለ 0። በ2014 ካሜሩን ላይ ደግሞ የፋሲሉ መሀል ተከላካይ ያሬድ ባየህ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ጨዋታው ገና ሳይሞቅ፣ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። በቀጣዩ ጨዋታ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አግብቶ ካሜሩንን መራን፤ መጨረሻው 4 ለ 1 መሸነፍ ሆነ። ከዚያ በኋላም የሰማሁት ሐሜት «አጥቂ የለንም» የሚል ነው።

*

በአሜሪካ ፉትቦል ለመከላከያ መስመሩ ብቻ የተቀጠረ አሰልጣኝ አለ፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቦታ የተጫወተ ሰው ነው። እኛ ጋ በረኛ የራሱ አሰልጣኝ አለው። አራቱን ተከላካዮች ግን ምክትሉ ከሌላው ሥራ ጋር ደርቦ ይይዛቸዋል፤ ምክትሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኮኖችና ማሊያ ሲቆጥር ነው የማየው።