ባለ 16 ሊትሯ ቦርሳዬ

የቢሮዬ ሕንፃ በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ አንዲት ጥበቃ አለች። ስሟን ሳልጠይቃት ሁለት ዓመት አለፈን። እሷ ግን ስለ እኔ ብዙ ታውቃለች። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ተኩል ገደማ ቦርሳዬን ትከፍታለች፤ ላፕቶፕ፣ ቻርጀር፣ የምሳ ዕቃ፣ ጃንጥላ። ወሩ መጀመሪያ ላይ ምሳ ዕቃ እንደማልይዝ፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ በየቀኑ ሽሮ እንደምቋጥር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

በቀደም ታዲያ እጇን ወደ ትንሿ ኪስ ሰደደችና አንድ ዝገት የጀመረው ቁልፍ አወጣች።

«አንቺ፣ ይሄ የምንድን ነው? ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

«የቤት።»

«የየት ቤት?»

ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። «ሌላ ቀን እነግርሻለሁ» ብዬያት ገባሁ። እስካሁን አልነገርኳትም። እስቲ መጀመሪያ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ከዚህች ቦርሳ በፊት ሌላ ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አጎቴ የገዛልኝ፣ ፍራሽ ብቻ ሲቀር ሁሉን የሚውጥ ትልቅ ቦርሳ። ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ሥራ ስይዝም እሱኑ አዝዬ ቀጠልኩ። ከሰሚት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ። አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ የሚመላለስ ሰው ሕጉን ያውቀዋል፦ ቦርሳ ጀርባህ ላይ ካለ ያንተ አይደለም። ስለዚህ ወደ ፊት ይዞራል፤ እንደ ሕፃን ይታቀፋል። የእኔ ግን ከመታቀፍም አልፎ የጎረቤቴን ጉልበት ይጋፋ ነበር። አንድ ወያላ «እህት፣ ለልጅሽም ትከፍያለሽ» ብሎ ታክሲውን ሙሉ አስቆብኛል።

ትከሻዬን ማመም ሲጀምረኝ ጥፋቱን በወንበሬ፣ ከዚያ በትራሴ አሳበብኩ። አንድ ቀን ሰፈራችን ካለው ሱቅ ሽንኩርት ስገዛ ባለሱቁን ቦርሳዬን እንዲመዝንልኝ ለመንኩት። 8 ኪሎ ከ200 ግራም። እኔ ራሴ 52 ኪሎ ነኝ። ለተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የቦርሳቸው ክብደት ከሰውነታቸው ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶ እንዳያልፍ ነው። እኔ ወደ 16 ከመቶ ተሸክሜ በየቀኑ ቆሜ እሄዳለሁ ማለት ነው።

ቤት ገብቼ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። ላፕቶፕ፣ ሁለት ቻርጀር (አንዱ የሌለኝ ስልክ)፣ ፓወር ባንክ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ሹራብ፣ ኮዳ፣ የምሳ ዕቃ፣ ጃንጥላ፣ መብራት ቢጠፋ ብዬ የያዝኩት ሻማ፣ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ያልተገለጠ የዳታ ስትራክቸር ደብተር፣ የማይጽፉ ሦስት እስክሪብቶዎች። እያንዳንዱን ለምን እንደያዝኩ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ሁሉ አንድ ቃል ነበር፦ ምናልባት።

ኮድ የምትጽፉ ይሄ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም። አንዲት ትንሽ ሥራ የምትሠራ ፕሮግራም ለመጻፍ ትነሳላችሁ፤ ለቀን አቆጣጠር አንድ ፓኬጅ፣ ለቁጥር ሌላ ፓኬጅ ታስገባላችሁ፤ እነሱም የራሳቸውን ዘመዶች ይዘው ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ የእናንተ ኮድ አንድ ገጽ፣ ኖድ ሞጁልስ የሚባለው ፎልደር ግን በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ይሆናል። ማን እንዳስገባውና ለምን እንደገባ የሚያስታውስ የለም። ለማጥፋት ደግሞ ሁሉም ይፈራል፤ ምናልባት የሆነ ቦታ ይሰብር ይሆናል። የእኔም ቦርሳ እንደዚያ ነበር። ሁሉንም መልሼ ከተትኩት።

አሁን ትንሽ ወደ አገሬ ልውሰዳችሁ። የተወለድኩት መንዝ፣ ከሞላሌ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ደጋ ነው፤ ገብስና በግ፣ ብርድና ነፋስ። እዚያ ጀርባ የሴት ነው። ወንድ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሄዳል፤ ሸክም ካለ አህያ ትጫናለች። ውኃው፣ እንጨቱ፣ ልጁ ግን በሴት ጀርባ ነው። እንስራው በቢጫ ጄሪካን ተተካ እንጂ ገመዱ ደረት ላይ የሚያልፍበት ቦታ አልተለወጠም። እኔም በአንቀልባ ታዝዬ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ሰዎች የጀርባ ቦርሳ የፈረንጅ ነገር ነው ሲሉ ይገርመኛል። እናቴ ዚፕ የሌለው ነበራት እንጂ ነበራት።

ለመያዣማ ስንት ስም አለን! እህል በአቅማዳ፣ ዱቄት በስልቻ፣ የመንገድ ምግብ በአገልግል። የቆሎ ተማሪ በየቤቱ የለመነውን በአኮፋዳ ይይዛል፤ መጽሐፉ ግን ከቁራሽ ጋር አይቀላቀልም፤ የራሱ የቆዳ ማኅደር አለው። ዛሬ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ፋይል የሚቀመጥበትም ማኅደር ይባላል። ኮሮጆ ደግሞ ዕድሜ ሰጥቶት የምርጫ ድምፅ መሰብሰቢያ ሆኗል። ሁለት አንድ ዓይነት ነገር አቅርቦ ምረጡ የሚል ሰው ሲያጋጥም «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» እንላለን። አያቶቻችን መያዣውን የሚሰይሙት በሚይዘው ነገር ነበር። እኛ ሁሉንም ቦርሳ አልነውና ምን መያዝ እንዳለበት ጠፋን።

ኅዳር 2014። ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር። ስለ ሸዋ ሮቢት፣ ስለ መዘዞ፣ ስለ ሞላሌ በዜና እሰማለሁ፤ ዜና አንባቢው የእኛን አገር ስም ሲጠራ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንዲህ ሆኖ እንዲጠራ ግን ማን ይፈልጋል። የእናቴ ስልክ ለስድስት ቀን አልሠራም። በሰባተኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። «ደብረ ብርሃን ነኝ» አለችኝ። ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ነው የመጣችው።

በማግስቱ 130 ኪሎ ሜትሩን ተጓዝኩ። ትልቁን ቦርሳ እስኪፈነዳ ሞልቼው ነበር፦ መድኃኒት፣ ሹራብ፣ ካልሲ፣ ሳሙና፣ ብስኩት። ከተማዋ በተፈናቃይ ተጨናንቃለች። እናቴን ያገኘኋት አንድ ዘመዳችን ቤት፣ ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋር ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የሃይስኩል ቦርሳዬ ነበር። ማንጠልጠያው ተበጥሶ በበግ ጠጉር ክር ሰፍታዋለች።

«እማ፣ ይሄን ብቻ ነው የያዝሽው?»

«ምን ልይዝ ኖሯል?»

ከፈትኩት። የመሬት ደብተር። የአባቴ ፎቶ፣ ነፍሱን ይማረውና። በፌስታል የተቋጠረ በሶ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው። የእኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ። ከታች ደግሞ የቤቱ ቁልፍ።

ውጤቴን ሳየው ሳቄም እንባዬም መጣ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ኮፒ አለው። ኢሜሌ ላይ አለ።»

«እኔ ኢሜል የለኝማ» አለችኝ።

«ባናውስ?» አልኳት። ጠጉሩን ራሷ ፈትላ፣ ሸማኔ አሠርታ፣ ለእኔ ሠርግ ያስቀመጠችው ባና ነበረን። መንዝ ውስጥ አንድ ባና ምን ያህል ክረምት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ከበደኝ። ተውኩት። የበረደው ሰው ይለብሰው ይሆናል።»

«ቁልፉንስ ምን ልታደርጊው ያዝሽው? ቤቱን ጥለሽ መጥተሽ?»

ትንሽ ዝም አለች። «ቤቱን መሸከም አልችልማ።»

ለመመለስ በር ከፋች ፈልጌ ነበር እንጂ ሌላ ምን ልትለኝ ኖሯል። ለእሷ የሚሰጥ ስምንት ኪሎ ነገር ተሸክሜ ሄጄ ነበር፤ የሚያስፈልጋት ስልክ ካርድና የራስ ምታት ክኒን ሆነ። ሌላውን ለአሥራ አንዱ ሰው አካፈለችው። ቦርሳዬ ባዶውን ተመለሰ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ መርካቶ ሄጄ ይቺን ገዛሁ። ጥቁር፣ 16 ሊትር፣ 14 ኢንች ላፕቶፕ ልክክ አድርጎ የሚይዝ አንድ ክፍል፣ አንድ ፊት ኪስ፣ አንድ ትንሽ የውስጥ ኪስ። የመጀመሪያው ዚፕ በሦስተኛ ወሩ ተበላሽቶ መንገድ ዳር ያለ ጫማ ሰፊ ቀይሮልኛል፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ናት። ደንብም አወጣሁ፦ ሳምንት ያልተነካ ነገር እሑድ ማታ ይወጣል። ሻማው ወጣ፤ ደብተሩ ወጣ፤ ሃርድ ዲስኩ ወጣ፤ ሹራቡ ቢሮ ወንበሬ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሚዛን ላይ ሳወጣት 3 ኪሎ ከ600። ትከሻዬ በሁለት ሳምንት ተሻለው። ታክሲ ውስጥ ለልጄ ክፈይ የሚለኝ ጠፋ። ለጓደኞቼ ሁሉ ሰባኪ ሆንኩባቸው፤ ትንሽ ቦርሳ ግዙ፣ ሰው የሚያስፈልገው ትንሽ ነው እያልኩ።

እናቴ እንዳስተማረችኝ አድርጌ ነበር የማወራው። ተሳስቼ ነበር። ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ጥር 2016 ለጥምቀት እናቴን ለማየት ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። አውቅ ነበር፤ ግን ማወቅና መድረስ ይለያያል። ሰኞ የማስረክበው ሥራ ነበረኝ። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ማስታወሻዬ ክላውድ ላይ። ዲዛይኑ ክላውድ ላይ። ኮዱ ውስጥ የሚገቡት ፓኬጆች ከኢንተርኔት የሚወርዱ። የይለፍ ቃሌም እንደዚያው። ሃርድ ዲስኩ ሰሚት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እናቴ አጠገቤ ጠጉር እየፈተለች «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ሁሉም ነገር ነበር የጠፋብኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ግን ምንም አልጎደለም።

የዚያን ቀን ነው የገባኝ። የእኔ ቦርሳ ትንሽ የሆነችው እኔ ትንሽ ስለሚበቃኝ አይደለም። የቀረውን ከተማው ስለሚይዝልኝ ነው። ሱቁ በየጥጉ አለ፤ ውኃ ቢጠማኝ እገዛለሁ፤ ገንዘቤ ስልኬ ላይ ነው፤ ፋይሌ የሆነ አገር ሰርቨር ላይ ነው። ያ ሁሉ ባለበት ቀላል መሆን ቀላል ነው። እናቴ ትንሽ ቦርሳ የያዘችው ግን መርጣ አልነበረም፤ በእግሯ የምታመልጥበት ጉልበት የሚችለው ያን ያህል ብቻ ስለነበር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጌ ስሰብክ መቆየቴ አሳፈረኝ። የሰኞውንም ሥራ በሁለት ቀን ዘግይቼ አስረከብኩ።

አሁን ቦርሳዬ 4 ኪሎ ከ100 ነው። ፓወር ባንኩ ተመልሷል። የጣት ጥፍር የምታክል ፍላሽ ገብታለች፤ በየሳምንቱ ዓርብ ኮዴንና ሰነዶቼን እገለብጥባታለሁ። የሚኒስትሪ ካርዴም ኮፒ እዚያ አለ፤ የእናቴ የመሬት ደብተርም ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ አለ። ትንሽ ጥሬ ብርም እይዛለሁ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለወራት አይነኩም። ደንቤን አሻሻልኩት፦ ሳምንት ያልተነካ ይውጣ፤ ግን መጀመሪያ «ይሄን ማን ነው የሚይዝልኝ? እሱ ባይኖርስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያረጀ ቻርጀርና የደረቀ እስክሪብቶ ይህን ጥያቄ አያልፉም። ፍላሿ ታልፋለች።

ቁልፉ ግን በየትኛውም ደንብ አያልፍም።

እናቴ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ነበር ወደ ቤቷ የተመለሰችው። በሩ ተገንጥሎ ነበር። ጓጉንቸሩም የለም። ባናውም የለም። ጎረቤት ተባብሮ አዲስ በር ገጠሙላት፤ ሞላሌ ገበያ ወጥታ አዲስ ጓጉንቸር ገዛች። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ጥምቀት ልሰናበታት ስል አሮጌውን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ።

«ምን ያደርግልኛል እማ? የሚከፍተው የለም እኮ።»

«እኔንም ምንም አያደርግልኝ። መጣሉ ግን እምቢ አለኝ። አንቺ ጋ ይሁን።»

ተቀብዬ ትንሿ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ማታ ቦርሳዬን ስዘረግፍ ይወጣል፤ አየዋለሁ፤ መልሼ አስገባዋለሁ። ወደ 20 ግራም ቢሆን ነው።

መንገዱ ደህና በሆነ ሳምንት፣ ሰው ሲገኝ፣ እናቴ በሶ ትልክልኛለች። ሁልጊዜ ከቦርሳዬ ይበልጣል። ከመናኸሪያ ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ሥራ ስሄድ ጉልበቴ ላይ ታቅፌው ታክሲ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ የጥበቃዋም እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በሶው ነው። ባለፈው ሳምንት እንደዚያ ይዤ ደረስኩ። ቋጠሮውን አሽትታ «የመንዝ ነው?» አለችኝ። «የእናቴ ነው» አልኳት። ከፌስታሉ ከፍዬ በወረቀት ጠቀለልኩላት። ሰልፍ ስለነበር ቶሎ ገባሁ።

ነገ ቀደም ብዬ ልወጣ አስቤያለሁ። ሰልፉ ሳይበዛ ስሟን እጠይቃታለሁ። ከዚያ የቁልፉን ነገር እነግራታለሁ።